እግዚኦታና የኪራይ ደብተር

የነነዌ ረቡዕ ነበር፤ የካቲት 1 ቀን 2015። ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የወረደው ጉም እስከ ቀትር አልተነሳም። ቅጽረ ግቢው ውስጥ የቆምነው ሁሉ ጥቁር ነው የለበስነው። ያለ ቅዱስ ሲኖዶሱ ፈቃድ በተፈጸመው የጳጳሳት ሹመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ልትከፈል ነው የተባለበት ሰሞን ነው። ሲኖዶሱም ሦስቱን የነነዌ ቀናት ጥቁር ለብሳችሁ በምህላ አሳልፉ ብሎ አውጇል። እኔ የራሴ ጥቁር ልብስ አልነበረኝም። ልብሴ ከተዘረፈ ዓመት አልፎታል። ከእህቴ ጥቁር ሹራብ ተውሼ ሄድኩ። ይሰፋኛል። እጅጌው እየወረደ መዳፌን ይሸፍነኛል።

ቄሱ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። 41 ጊዜ። እኔ በጣቶቼ አንጓ ነው የምቆጥረው። 18 ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። አፌ እግዚኦ ይላል፣ ልቤ የሰው ስም ዝርዝር ያወጣል። መጀመሪያ ሹመቱን የሰጡትና የተቀበሉት መጡ። ቀጥሎ ባለሥልጣኖቹ። ቀጥሎ ቤቴን የዘረፉት። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ሰው ከሰው የሚያባሉት። መጨረሻ ላይ፣ ይገርማችኋል፣ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ የሸጠልኝ ነጋዴ ሳይቀር ትዝ አለኝ። ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ እግዚኦ አደልኩ። ለራሴ ሳይደርሰኝ አለቀ።

አጠገቤ የቆመች ሴት ታለቅሳለች። እኔም እንባዬ መጣ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ አስመስዬ አልነበረም። ስለ ሀገሬ ነው ያለቀስኩት። "ሀገራችን በድላለች" ሲሉ "አሜን" ያልኩት ከብዙዎቹ ጮክ ብዬ ነው።

ሀገር ንስሐ ትግባ የሚለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲገባ የሁሉም ሃይማኖት አባቶች በቴሌቪዥን እየቀረቡ ለአንድ ወር ጸለዩ። እኛም ሶፋ ላይ ሆነን አሜን አልን። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ስልካችን "ኢትዮጵያ ሆይ ንስሐ ግቢ" በሚል ጽሑፍ ተሞላ። ሼር አድርጌያለሁ፤ አንዴም ሁለቴም አይደለም። ከሥሩ የሚጻፈውን አንብባችሁ ከሆነ ሁሉም "አሜን" ነው፣ እጆቹን ካጋጠመው ምልክት ጋር። "እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ" ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አላየሁም። እንዲጻፍ ፈልጌም አይደለም፤ ኑዛዜ የአደባባይ ነገር አይደለም። ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ ለሀገሩ ኃጢአት አሜን ሲል ኃጢአቱን ማን ሠራው?

ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቤትም ውስጥ ገቢና ወጪ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ በሯ በቧንቧው ትይዩ። ኪራይዋን የምይዘው በተማሪ ደብተር ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት ዓይነት። የ2013ቱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል። ሐምሌ፣ 1,200፣ ተከፍሏል። ከሥሩ፣ ነሐሴ፣ 3,000፣ ተከፍሏል። ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ። በሁለቱ መስመሮች መሃል ቤቷን አላደስኩም፤ ቀለም አልቀባሁም፤ አምፖል እንኳ አልቀየርኩም። በሁለቱ መስመሮች መሃል የሆነው ወልድያ ነው።

ያን ነሐሴ የደሴ ሰው አይረሳውም። ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ጦርነቱን የሸሸ ሰው እየጎረፈ ገባ። ከወልድያ እኛ ጋ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፊሉን መንገድ በእግሩ የመጣ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ዴስክ ተነሳ፣ ሰው መሬት ላይ ተኛ። ደሴም የአቅሟን አድርጋለች፤ ይህን ማንም አይወስድባትም። እኔም ከማኅበሬ ሴቶች ጋር ቆሎ ቆልቼ፣ በሶ በጥብጬ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላልሻለሁ። ፎቶ ተነስተናል። አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ቢጫ ጀሪካን ይዤ ፈገግ ብያለሁ።

በዚያው ሳምንት ነው ደላላው ሴትዮዋን ይዞ የመጣው። ሦስት ልጆች አሏት። በገመድ የታሰረ አንድ ፍራሽ ይዛለች። ወልድያ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ትሸጥ ነበር። ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አሁን ገበያው 3 ሺህ ነው፤ 3,500 ያከራየ አለ" አለኝ። ስለዚህ 3 ሺህ ስላት እንዳስተያየሁላት ነው የተሰማኝ። እሷም አልተከራከረችም። መቀነቷን ፈታች፣ ከውስጡ ቋጠሮ አወጣች፣ ቆጥራ ሰጠችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አለችኝ። ብሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ ከሆዷ ላይ ነው የወጣው። ተቀብዬ ገባሁና ጻፍኩት። ተከፍሏል።

ቅዳሜ በሶ ይዤ ወጣሁ። ግፍ እየሠራሁ ነው የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም። ግፍ የሚባለው ሌላ ነገር ነበር። ግፍ የሚሠሩት ሌሎች ነበሩ።

የመስከረምን ከፈለች። የጥቅምትንም ከፈለች። ጥቅምት አጋማሽ አልፎ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲቀርብ ልጆቿን ይዛ በጭነት መኪና ወጣች። የቀሪዎቹን ቀናት ሂሳብ አልመለስኩላትም። እሷም አልጠየቀችኝ። ሁለት ቀን ቆይተን እኛም ወጣን። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ከተማው ተያዘ። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በደህናው ቀን እንኳ ጥምዝምዙ ሆድ ያላውሳል። ያን ቀን መኪና በመኪና ላይ ተነባብሮ፣ ሰው በዳር በዳሩ ፍየሉን እየነዳ፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ የአንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ከሚሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ።

አዲስ አበባ ቤት ስንፈልግ አንዲት አከራይ የሦስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አለችን። ተፈናቃይ ስለሆንን ነው። ድንገት ጥለን ብንሄድስ? ተናደድኩ። ከበሯ ሳልርቅ "እግዜር ይይላት" አልኩ። "ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል?" ባለቤቴ ዝም አለ። የሰርቪሷን ነገር ያን ጊዜ አስቦት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ህዳር 27 ከተማው ተለቀቀ ሲባል በሳምንታት ውስጥ ተመለስን። ቤቱ ተራቁቷል። ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ፣ ልብሱ፣ ጤፉ፣ የልጆቼ ቦርሳ። ሰኔ ላይ ገዝቼ ማድቤት ጀርባ ከደበቅኩት ሦስት ማዳበሪያ ከሰል የቀረችው ሁለቷ ሳትቀር ሄዳለች። ከፊሉን ባለ ጠመንጃው፣ ከፊሉን ባለ ጋሪው ነው የወሰደው ይላሉ ጎረቤቶቼ። ደብተሩ ግን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ማን ይፈልገዋል? አንድ የጫማ ዳና ነሐሴን ረግጧት አልፏል። አራግፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እንዲህ ሆኜ ነው ነነዌ ላይ የቆምኩት። ተዘርፌአለሁ፣ ተሰድጃለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ስለ ሀገሬ አለቅሳለሁ።

ከነነዌ ሰኞ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 14 ቀን ነው። ሰው ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄድበት ሰሞን ነው፤ ጾሙን ቀለል ብሎ ለመያዝ። እኔም ሄድኩ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የእጅ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ተሳለምኩና አጠገባቸው ተንበረከኩ።

"አባ፣ ስለ ሀገሬ ልቤ ተጨንቋል። ይህች ሀገር ንስሐ ካልገባች..."

"ሀገሪቱ የኔ የንስሐ ልጅ አይደለችም" አሉኝ። "አንቺ ነሽ።"

ዝም አልኩ። ሳቅ ሊያመልጠኝም ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"የሰው ገንዘብ እጅሽ ላይ አለ?"

ይህን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ሁልጊዜም የለም እላለሁ። ያን ቀንም የለም አልኩ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ሰፊ ሹራብ፣ ያ የተቆጠረ እግዚኦ፣ "አንዲት ተከራይ ነበረችኝ" የሚል ነገር ከአፌ ወጣ። ጀመርኩት፤ ማቆም አቃተኝ።

"ትርፉ ስንት ይሆናል?" አሉ ስጨርስ።

"5,400።" ቶሎ ነው ያልኩት። 1,800 በሦስት። ሳስበው፣ ሂሳቡን አንድ ቦታ ሠርቼ አስቀምጬው ነበር ማለት ነው።

"ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው።"

"21,600" አልኩ። አፌ ከሂሳብ ማሽን ይፈጥናል። ወዲያው ደግሞ መከራከር ጀመርኩ፤ ንስሐ ላይ ተንበርክኬ። "አባ፣ ገበያው ነው እኮ! ሁሉም ሰው ያኔ..."

"ነነዌም ላይ ሁሉም ሰው ነበር" አሉኝ።

አራት እጥፉን አላስገደዱኝም። ትርፉን መልሺ፣ ከዚያ በላይ ልብሽ ያለሽን ጨምሪ አሉ። ስግደትም ሰጡኝ። "ስግደቱ ቀላሉ ነው" ብለው ጨመሩ። ባላገኛትስ ብላቸው "ሳትፈልጊ አላገኘሁም አትበይ" አሉና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።

ቤት ገብቼ ትንቢተ ዮናስን አወጣሁ። አራት ምዕራፍ ናት፤ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቻታለሁ። ሁልጊዜ የምይዘው ዓሣ አንበሪውንና ዮናስን ነው። ያን ማታ ሌላ ነገር አየሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጀመሪያ ያመኑትና ጾም ያወጁት ሕዝቡ ናቸው። ወሬው ወደ ንጉሡ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ሲቀመጥ ሕዝቡ ቀድሞ ማቅ ለብሷል። እኛ ተገላቢጦሽ ነው የምንጠብቀው። ከላይ ይጀመር እንላለን። ላይ ያሉት ደግሞ ሕዝቡ ይጀምር ይላሉ መሰለኝ። እንዲህ እየተባባልን ይኸው ስንት ዓመት።

ሁለተኛው ነገር አዋጁ ላይ ነው። ንጉሡ ሰዎች ሁሉ ከክፉ መንገዳቸው ይመለሱ ካለ በኋላ አንድ ቃል ይጨምራል፤ በእጃቸው ካለው ግፍ። አየር ላይ ካለው ግፍ አላለም። ቤተ መንግሥት ውስጥ ካለው አላለም፤ ያውም ቤተ መንግሥቱ የራሱ ሆኖ። በእጃቸው ካለው። እጄን አየሁት። ቀለብ ይገዛል፣ ቆሎ ይቆላል፣ ኪራይ ይቀበላል።

አንዳንዱ ሰባኪ ስለ ሀገር ንስሐ ሲያስተምር ድርቁም ጦርነቱም የመጣው በሴቶች ሱሪ ነው ይለናል። እንዲህ ያለውን ስሰማ ይደክመኛል። ይህን የሚል ሰው ያንኑ ሰሞን ኪራይና እህል ያስወደደውን ምእመን ስሙን ጠርቶ ሳይሆን በደፈናው እንኳ ሲገሥጽ አልሰማሁም። ገብቶኛል፤ አስራቱን የሚያወጣው እሱ ነው። እኔም አስራት አወጣለሁ። ከ3 ሺው 300 አውጥቼ ነበር።

ነቢዩ ዳንኤልም አለ፤ ይህን የሚያነሱ ወዳጆች አሉኝ። ዳንኤል በደል የሌለበት ሰው ሆኖ ሳለ ስለ ሕዝቡ ሲጸልይ "እነሱ በደሉ" አላለም፤ "በድለናል" ነው ያለው። ነህምያም እኔና የአባቴ ቤት ይላል። እውነት ነው። "እኛ" ትልቅ ቃል ነው። ግን ዳንኤል "እኛ" ሲል ወደ ውስጥ ገብቶ የሌላውን ሸክም ይሸከማል። እኔ "እኛ" ስል ሕዝብ መሃል ገብቼ እደበቃለሁ። ሰኞ ገበያ ውስጥ የጠፋን ሰው ማን ያገኘዋል?

አያቴ በ66 ደሴ ነበረች። ስለ ድርቁ ስታወራ የምታነሳው ነገር ነበር። "እህል የጠፋ መስሎሻል? ሰው በረንዳ ላይ ወድቆ መጋዘን ውስጥ እህል ነበር" ትለኝ ነበር። የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ወሎ የጻፈውን ያነበብኩት፤ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የታተመው። የደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደ ረሃቡ ክፋት አልናረም ይላል። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ከብቱ አልቆ፣ ምርቱ ጠፍቶ፣ መግዣ ነው ያጣው። መግዣ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ እህሉም ወደዚያው ሄደ። ገበያው ነዋ።

ረሃቡን የደበቁት ባለሥልጣኖች ተወቀሱ። ንጉሡም መስከረም 2 ቀን 1967 ወረዱ። መወቀሳቸው ልክ ነው። አስር ዓመት ቆይቶ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና ያልቅ ነበር። እሱም ተወቀሰ፤ ያም ልክ ነው። ኃጢአቱ ሁልጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ተላከ። አያቴ ያየችው መጋዘን ግን የማን እንደነበር፣ ባለቤቱ ለንስሐ አባቱ ምን እንዳለ፣ እሳቸውስ ምን እንደጠየቁት፣ የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት እሱም በ66 ምህላ ላይ ቆሞ አልቅሷል።

ሌላም አለ፤ እኛ የደሴ ክርስቲያኖች ብዙ የማናነሳው። ቦሩ ሜዳ ከዚህ ቅርብ ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያኗን የሃይማኖት ክርክር ቋጩ። ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። ያንኑ ሰሞን የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ መባሉን፣ ሹሙም ክርስትና ካልተነሳ ሹመቱን እንደሚያጣ መነገሩን ግን በቅጡ አልተማርንም። ይህችን ከተማ ያቀኗት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከዚያ በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረው ሰው የማን አያት ነው? የኛው ነው፤ የኔም ሳይሆን አይቀርም። ስለ ሀገር ኃጢአት ምህላ ሲደረግ ይህች ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ብትጠራ ምን ይሆን ነበር? ምንም አይሆንም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እትዬ ይሰሙ ነበር፣ ያ ነው።

እትዬ ሙስሊም ናቸው። የልጅነት ጡት እናቴ ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ እናቴ ታማ እያለች አጥብተውኛል። ከአባ ጋር የተነጋገርነውን አልነገርኳቸውም፤ ንስሐ አይወራም። ዝም ብዬ ቡና ላይ፣ እንዲያው የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ምን ማድረግ አለበት እናንተ ዘንድ፣ ብዬ ጠየቅኩ። ስኒውን አስቀመጡና አዩኝ። "አላህ የራሱን ይምራል" አሉ። "የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ አይላቀቅም። ምነው፣ የማን ሐቅ አለብሽ?" ፊቴ ተቃጠለ። "አይ፣ እንዲያው ነው" አልኩ። "አብሽሪ" አሉኝ፣ ቡናውን ደገሙልኝ።

"አፉ በሉኝ" ወሎ ውስጥ ሁላችንም የምንለው ቃል ነው። መንገድ ላይ ሰው ስንገፋ እንኳ እንላለን። ቃሉ ከዐረብኛ እንደመጣ ያወቅኩት ትልቅ ሆኜ ነው። ጌታም ወንጌል ላይ ተመሳሳይ ነገር ብሏል፤ መባህን መሠዊያው ፊት ተወው፣ መጀመሪያ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ። እኔ ግን መባዬን አስገብቼ፣ ጸበሌን ጠጥቼ፣ ወንድምየው ስልክ ቁጥሩን ቢቀይርስ እያልኩ ነበር።

በእርግጥም ቀይራለች። የድሮ ቁጥሯ አይሠራም። የእትዬ ልጅ ደሴና ወልድያ መሃል በዶልፊን ይሠራል። መናኸሪያው አካባቢ ሻይ የምትሸጥ፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ በ2013 ደሴ የነበረች ብዬ ነገርኩት። "በ2013 ደሴ ያልነበረ ወልድያዬ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለት ወር ፈጀ። ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ላይ ቁጥሯን በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቀን ቆየሁ። የምለውን አጠናሁ። ብሩንም ለየሁ። አራት እጥፍ አልሆነም፤ አልዋሽም። 8 ሺህ ነው ያደረግኩት። በነሐሴ 2013 ብር 5,400 ምን ያህል እንደነበር ማንም ቤት የሚያስተዳድር ሰው ያውቃል፤ የብሩ አቅም ሲወርድ ትርፌም አብሮ እየቀነሰልኝ ነበር ማለት ነው።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

ከየት እንደምደውል ነገርኳት። "ውይ እትዬ! ደህና ነዎት?" አለችኝ። ደስ ብሏታል፤ ከልቧ ነው። የልጆቼን ስም እየጠራች ጠየቀች። ቤታችን መዘረፉን ሰምታ እንዳዘነች ነገረችኝ። የሷም ተዘርፏል፤ ሻይ ማፍያው ሳይቀር። ያጠናሁትን መናገር ስጀምር መጀመሪያ አልገባትም። "ብር? የምን ብር?" አለች። እንደገና ነገርኳት። 1,200 ነበረች፣ 3 ሺህ አስከፈልኩሽ፣ ያ ያንቺ ሐቅ ነው፣ አፉ በዪኝ።

ጥቂት ዝም አለች። ከጀርባዋ የመኪና ክላክስ ይሰማል።

"አፉ ብያለሁ እትዬ" አለች። "ብሩን ካሉ ይላኩት፤ ኑሮው አልቻል ብሏል።" ሁለታችንም ሳቅን። የባንክ ቁጥሯን እየነገረችኝ ጻፍኩ። አቅልሎኝ ነበር። ስልኩን ልዘጋው ስል፦

"አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ" አለች። "ኪራዩን አልያዝኩብዎትም። ደላላው መንገድ ላይ ነግሮኝ ነበር፣ አውቄው ነው የመጣሁት። ያቺን ሌሊት ግን ትዝ ትለኛለች። ዝናብ ነበር፣ ትንሹ ልጄ ሲያስለው አደረ። መጣሁና ትንሽ ከሰል ይስጡኝ፣ ውሃ ላሙቅለት አልኩዎት። 'አልቋል' አሉኝ። በሩን ሳይከፍቱ ነው። ትዝ ይልዎታል?"

ትዝ አላለኝም። እስካሁንም ትዝ አይለኝም። እሷ ግን ውሸት የምትናገር ሴት አይደለችም።

ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ። ነሐሴን ገለጥኩ፣ ምንም የለም። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰኔ፣ ወጪ፣ ከሰል 3 ማዳበሪያ። የገዛሁበት ቀን ተጽፏል፣ ዋጋው ተጽፏል፣ የተሸካሚው ሳይቀር ተጽፏል።